ፈረሴ ከቤቴ ምን ያህል ይርቃል?

ዛሬ የማካፍላችሁ ነገር ሲጀምር ስለ ፈረስ ይመስላል። እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁኝ ግን ስለ ትዳር መሆኑን ታያላችሁ።

እኔና ባለቤቴ ኑሮ የጀመርነው ጥያ ነው። ጥያ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ የሚሄድ መንገደኛ አዋሽን መልካ ቁንጥሬ ላይ ተሻግሮ፣ ቡኢ ከመድረሱ በፊት የሚያገኛት ትንሽ ከተማ ናት። የተከራየናት ቤት አንድ ክፍል ነበረች። በ1996 ዓ.ም. ዕቁብ ሲወጣልኝ አንድ ዳማ ፈረስና ያገለገለ ጋሪ ገዛሁ። ጋሪውን ደጃፍ ላይ አቆምኩት። ፈረሱን ግን የማሳድርበት ስፍራ አልነበረኝም፤ የቤቱ ባለቤትም «በግቢዬ ከብት አይታሰርም» አሉኝ። ስለዚህ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚኖር አንድ ገበሬ ግቢ፣ በየወሩ እየከፈልኩ አሳድረው ጀመር።

ከቤቴ እስከዚያ ጋጣ በእግር ሃምሳ ደቂቃ ያስኬዳል። ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ፈረሱን ይዤ እመለሳለሁ። ቀኑን ሙሉ እህልና ሸቀጥ ሳመላልስ ውዬ፣ ማታ ጋጣው አደርሰውና እንደገና በእግሬ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ለመንገድ ብቻ ይሄድ ነበር። ዝናብ ነው፣ ብርድ ነው ብዬ የቀረሁበት ቀን አልነበረም።

አንዳንድ ሰዎች «ምን ያደክምሃል? የምትከፍለው ገበሬ አያበላልህም ወይ?» ይሉኝ ነበር። ፈረስ ግን በአደራ ብቻ የሚያድር እንስሳ አይደለም። ጨጓራው ከሰውነቱ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ስለዚህ ቀንም ሌሊትም ጥቂት ጥቂት እያለ እንዲግጥ ሆኖ ነው የተፈጠረው። በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ውኃ ይጠጣል። የበላው ባይስማማው እንደ ሰው አያስመልሰውም፤ ጭንቁ ሁሉ ሆዱ ውስጥ ይቀራል። ያልለመደውን እህል በብዛት ቢሰጡት ለሞት የሚያደርስ የሆድ ቁርጠት ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ጋጣው በደረስኩ ቁጥር አራት ነገር እጠይቃለሁ፦ በልቷል ወይ? ጠጥቷል ወይ? ጭነቱ በሚያርፍበት ቦታ የተሸሸገ ቁስል አለ ወይ? አረማመዱስ እንዴት ነው? ጀርባውን በመዳፌ እዳብሳለሁ፤ ሰኮናውን አንሥቼ ጠጠር እንዳይኖርበት አያለሁ። ፋንድያውን ብቻ አይቼ ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ እናገር ነበር።

በዚህም እኮራ ነበር። አገራችን ፈረስን ስታከብር የኖረች አገር ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ደጃዝማች ባልቻ «አባ ነፍሶ» የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። በሚስቱ ስም የተጠራ ጀግና ግን ሰምቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ይህን ልብ አላልኩትም።

ያች የነሐሴ ሌሊት

በ1997 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ላይ ባለቤቴ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። የመጀመሪያ ልጃችን ነው። አንድ እሑድ ማታ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ የገበሬው ልጅ ሮጦ መጣና «ጋሼ፣ ፈረሱ ሆዱን ይዞታል። መሬት ላይ ይንከባለላል» አለኝ። ለካ ልጁ ያዘነለት መስሎት ብዙ ገብስ ሰጥቶት ኖሯል።

ጋቢዬን ሳነሣ ባለቤቴ ከአልጋው ላይ ሆና «ዛሬ እንኳ ባትሄድ። ደኅና አይደለሁም» አለችኝ።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት። መልሷን ግን አልጠበቅኩም። «ቶሎ እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ቶሎ አልተመለስኩም። ሌሊቱን ሙሉ ፈረሱን በልጓሙ ይዤ፣ እንዳይተኛና እንዳይንከባለል በጭቃው ላይ ሳመላልሰው አደርኩ። እየጸለይኩ ነበር። ሊነጋጋ ሲል ሆዱ ለቀቀለትና ሣር መንጨት ጀመረ። «ተመስገን ጌታዬ!» ብዬ ጮኽኩ።

ቤቴ ስደርስ በሩ ተቆልፏል። ጎረቤታችን ወጣ ብለው «ልጄ፣ ሌሊት ጤና ጣቢያ ወስደናታል» አሉኝ። ያን ጊዜ ስልክ እንዳሁኑ በየኪሱ አልነበረም፤ ማን ይነግረኛል?

ስደርስ ጽንሱ ወርዷል። ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። የጤና ባለሙያዋ መዝገብ ይዛ በትሕትና ጠየቀችኝ። «ሕመሙ የጀመራት መቼ ነው? ምግብ ትበላ ነበር? ደም ያየችው ከስንት ቀን በፊት ነው?»

አንዱንም አላውቅም። ፈረሴ ትናንት ስንት ባልዲ ውኃ እንደጠጣ አውቅ ነበር። ባለቤቴ ግን ለሦስት ቀን ስትታመም፣ እኔ በዚያው ቤት እያደርኩ አላወቅኩም። መልሱን ከግድግዳው በኩል እርሷው ራሷ በቀስታ ተናገረች።

ባለሙያዋ በኋላ «ብትኖርም ጽንሱ ላይተርፍ ይችል ነበር» ብላኛለች። ባለቤቴ ግን የጠየቀችኝ ጽንሱን እንዳድን አልነበረም፤ አብሬአት እንድሆን ነበር።

ሦስት ዓይነት ሰው

ከዚያ በኋላ በቤታችን ጠብ አልነበረም። ዝምታ ነበር። እሑድ አብረን ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን፤ አብረን ቆመን እንዘምራለን፤ ቤት ስንገባ ግን የምንነጋገረው ስለ ጨውና ስለ ጋዝ ብቻ ነበር።

መስከረም ላይ ዘመድ ለመስቀል ሲሰባሰብ፣ በእንግሊዝ አገር የሚኖረው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም መጣ። ክትፎ ቀርቦ እየበላን ሳለ «ፈረስህ ከቤትህ ምን ያህል ይርቃል?» ብሎ ጠየቀኝ። «በእግር ሃምሳ ደቂቃ» አልኩት። ተገርሞ እንዲህ ሲል አጫወተን።

«በምኖርበት አገርም ከተማ የሚኖሩ ባለፈረሶች እንደ አንተ ከፍለው የሚያሳድሩበት በረት አላቸው። ሰዎቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። አንዱ ሁሉንም ነገር ለበረቱ ሠራተኞች ትቶ ክፍያውን ይከፍላል፤ ሲመቸው ብቻ መጥቶ ይጋልባል። ሁለተኛው ሥራውን ከሠራተኞቹ ጋር ይካፈላል። ሦስተኛው ቦታውን ብቻ ይከራይና ማብላቱንም፣ ማጠጣቱንም፣ መጥረጉንም በገዛ እጁ ያደርጋል። እርሱ በቀን ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። ስለዚህ በረት ሲመርጥ ዋጋውን ብቻ አይጠይቅም፤ ከቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅም ይጠይቃል። የራቀ እንደሆነ ክረምት ሲመጣ መመላለሱ ይከብደዋላ። አንተ ግን ያለ መኪና ከሦስተኞቹ ነህ!»

የተሰበሰበው ሰው ሁሉ አመሰገነኝ። እኔም ደስ አለኝ።

ማታ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ባለቤቴ ሰሃን እያጠበች፣ ሳታየኝ እንዲህ አለች። «ወንድሜ ያለው እውነት ነው። ለፈረሱ ሦስተኛው ነህ። ለእኔ ግን የመጀመሪያው ነህ። ወጪዬን ትከፍላለህ፤ የምጠብቀኝ ግን ጎረቤቴ ናት።»

ወገኖቼ፣ ከስብከት ሁሉ ይልቅ ያች ንግግር ልቤን ወጋችው።

ፈረሱ ምን አጠፋ?

በማግስቱ ወደ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሄጄ አለቀስኩ። «አባባ፣ ፈረሱን ልሸጠው ነው» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና «ፈረሱ ምን አጠፋ? እንጀራህ አይደለም ወይ?» አሉኝ። ከዚያ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገለጡ። ጻድቅ ሰው ለእንስሳው እንደሚራራ አሳዩኝ (ምሳሌ 12፥10)፤ ሰው የመንጋውን ሁኔታ ተግቶ ማወቅ እንዳለበትም አነበቡልኝ (ምሳሌ 27፥23)። «እስከዚህ ጎበዝ ነህ» አሉኝ። ቀጥለው ባል ከሚስቱ ጋር በማስተዋል እንዲኖር የሚያዝዘውን ክፍል ገለጡ (1ኛ ጴጥሮስ 3፥7)። «ማስተዋል ማለት ማወቅ ነው፤ ለማወቅ ደግሞ መቅረብ፣ መጠየቅና መልሱን ቆሞ መስማት ያስፈልጋል። ፈረሱን አትሽጥ፤ ለፈረሱ የምታውቅበትን ወደ ቤትህ ይዘህ ግባ» ብለው ጸለዩልኝ።

ቤት ገብቼ ባለቤቴን ይቅርታ ጠየቅኋት። በአንድ ቀን የተፈታ ነገር የለም። ግን ሁለት ነገር አደረግን።

የመጀመሪያው፣ ለገበሬው ልጅ ጥቂት ገንዘብ ጨምሬ በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት ፈረሱን እርሱ እንዲያመጣልኝ ተስማማን። ገቢዬ ቀነሰ። እነዚያን ጠዋቶች ግን ከባለቤቴ ጋር ቁርስ እየበላሁ፣ አራቱን ጥያቄዎቼን ለእርሷ መጠየቅ ተማርኩ። በልተሻል ወይ? ምን ጠማሽ፣ ምን ናፈቀሽ? ከተሸከምሽው ጭነት ሥር ያላየሁት ቁስል አለ ወይ? ከጌታ ጋር ያለሽ አካሄድስ እንዴት ነው? መጀመሪያ ላይ «ደኅና ነኝ» ብቻ ነበር መልሷ። ፈረስም ቁስሉን በነኩበት ቀን ይሸሻል፤ እጅ ሲለምድ ግን ይቆማል። እኔም ታገሥኩ።

ሁለተኛው፣ ቅዳሜ ማታ ፈረሱን አብረን እናደርሰው ጀመር። ስንመለስ ያ ሃምሳ ደቂቃ የእኔና የእርሷ ሆነ። አንድ ቅዳሜ መንገዱ መሐል ላይ ቆመችና ስለዚያች ሌሊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችኝ። አላቋረጥኳትም። ሳናየው የቀረነውን ልጃችንን ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ያለቀስነው እዚያ ነው። ከዚያም ቆመን ጸለይን። ለፈረስ ብዬ ስሮጥበት የነበረውን መንገድ ጌታ ለቤቴ መፈወሻ አደረገው።

ዛሬ ልጆች አሉን። ዳማው አርጅቶ ካረፈ ቆየ፤ ጋሪውም የለም። አራቱ ጥያቄዎች ግን እስከ ዛሬ በቤታችን አሉ።

እናንተስ?

ጥያ በዓለም የታወቀችው በትክል ድንጋዮቿ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ከ36ቱ 32ቱ ሰይፍና ሌላም ምልክት ተቀርጾባቸዋል። ሰው ከባሕር ማዶ ሊያያቸው ይመጣል። እኔ ግን ለዓመታት በአጠገባቸው ሳልፍ አንድ ቀን ቆሜ ስንት ሰይፍ እንዳለባቸው አልቆጠርኩም። ቅርብ ያለውን ነገር «መቼም አለ» ብለን እናልፈዋለን።

ከሶዶም ሆነ ከሌላው የጉራጌ አገር ወንዶች ለንግድ ወደ አዲስ አበባ መውጣታቸው የቆየ ነገር ነው። ትዳራቸውን አገር ቤት ትተው ለመስቀል የሚመለሱ ብዙዎች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ለሥራ ዐረብ አገር የሄዱ እኅቶችም አሉ። እንጀራ ነውና አልፈርድባቸውም። ርቀት በኪሎ ሜትር ብቻ እንደማይለካ ግን ከራሴ ተምሬአለሁ። እኔ ከባለቤቴ የራቅኋት በአንድ አልጋ እየተኛሁ ነው። ሩቅ ያላችሁ፣ ዛሬ ስልክ በእጃችሁ ነው፤ «ብሩ ደረሰሽ?» ከሚለው ሌላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ መልሱንም ሳትቸኩሉ ስሙ። በአንድ ቤት ያላችሁም፣ ዛሬ ማታ የትዳር ጓደኛችሁን ጠይቁ፦ «ሳላየው የቀረሁት ቁስል አለ ወይ?»

ጌታችን ኢየሱስ እኛን ለመፈለግ ከሰማይ ድረስ መጣ። ከሩቅ ሆኖ ወጪያችንን አልላከልንም፤ ራሱ መጣ። እርሱ በቤታችን እንድንገኝ፣ ቆመንም እንድንሰማ ጸጋውን ያብዛልን። አሜን።