«ዘይት አይበላም» ብዬ ነበር

አሮጌ ኮሮላዬን ስሸጥ ከገዢው የደበቅኩት ነገር ካንዴላዎቹ ዙሪያ ያቆረ ዘይት ነው። ብዙ አልነበረም። በጨርቅ ተጠርጎ የሚወጣ ነበር፤ ጠርጌም አወጣሁት። ይህን ያደረግኩት መኪናውን ለማሳየት በተቀጣጠርንበት ዕለት ጠዋት፣ የግቢዬን በር ዘግቼ ነው።

ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ «ሐሰት ተናግሬያለሁ» ብዬ በጥቅሉ አልፌዋለሁ። እንዲያ ሲባል ማንንም አያሳፍርም፤ ሐሰት የማይናገር ማን አለ? የሚያሳፍረው ዝርዝሩ ነው። ስለዚህ ልዘርዝረው።

መኪናው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራ፣ 1.6 ሊትር፣ ባለ 16 ቫልቭ ነው። በእንዲህ ያለ ሞተር ላይ ካንዴላው እንዲሁ አይታይም። ሁለቱ ካምሻፍቶች በቴስታታው ግራና ቀኝ ስለሚዞሩ ካንዴላዎቹ በመካከላቸው፣ በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣሉ። ከጉድጓዶቹ ውጭ ዙሪያውን ዘይት ይረጫል። ዘይቱ ወደ ጉድጓዱ እንዳይገባ የሚከለክለው ከቴስታታው ክዳን ሥር በእያንዳንዱ ጉድጓድ አፍ ላይ የሚቀመጥ የጎማ ቀለበት ነው። ጎማው ለዓመታት በሞተር ሙቀት ሲበስል ይደርቃል፣ ልስላሴውን ያጣል፣ ጎንበስ ሲያደርጉት ይሰነጠቃል። ያኔ ዘይቱ ቀስ እያለ ይሰርጋል። ከጉድጓዱ በታች መሄጃ ስለሌለው እዚያው ያቁርና ካንዴላውንና የካንዴላውን ገመድ ጫፍ ያጠምቀዋል። የገመዱ ጎማ ዘይት ሲጠጣ ያብጣል፣ ይላላል፤ ኋላ እሳቱ ወደ ካንዴላው መድረሱን ትቶ በስንጥቁ በኩል ወደ ብረቱ ያመልጣል። ሞተሩ ሚስ ማድረግ የሚጀምረው በዚህ ጊዜ ነው።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። መካኒኬ ገመዱን ነቅሎ በባትሪ መብራት አሳይቶኛል። «ጋሼ፣ ቀለበቶቹ ደርቀዋል። ከሶማሌ ተራ ከክዳኑ ጋርኒሲዮን ጋር ይግዙና ያምጡልኝ፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው» አለኝ። እሺ አልኩት። አላመጣሁለትም።

ለምን አላመጣሁለትም? መጀመሪያ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ገንዘብ ነበር። ግን እሱ እውነት አይደለም፤ በዚያው ሰሞን ለቀለም ፖሊሽና ለአዲስ የወንበር ልብስ ከቀለበቶቹ ዋጋ የሚበልጥ አውጥቻለሁ። ቀጥሎ «ለሚሸጥ መኪና ለምን አወጣለሁ?» አልኩ። ይሄኛው ወደ እውነቱ ይቀርባል፤ ሆኖም ለመደበቄ ምክንያት አይሆንም። ሳላሠራ ነግሬው፣ ከዋጋው ጥቂት ቀንሼ መሸጥ እችል ነበርና። ወደ ኋላ ስመረምረው ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው። በሰፈሩ «የእሱ መኪና ንጹሕ ናት» ይባልልኝ ነበር። እንከን የሌለበት ዕቃ የሚይዝ ሰው ተብዬ መታወቄን ወድጄው ነበር። ጉድለቱን በራሴ አፍ መናገር ያንን ስም በገዛ እጄ ማውረድ መሰለኝ፤ ያውም ከእኔ በዕድሜ በጣም በሚያንስ ልጅ ፊት።

ገዢው መኪና ያውቃል ከሚባል ጓደኛው ጋር መጣ። ጓደኛው ሞተሩን አስነሥቶ አዳመጠ፣ ከጭስ ማውጫው ኋላ ቆሞ አየ፣ የሻንሲውን ቁጥር አመሳከረ፣ ግጭት እንዳለ ለማወቅ ቦዲውን በጣቱ እያንኳኳ ዞረ። የካንዴላ ገመድ ግን አልነቀለም። እኔም ቆሜ ሳየው እንዳይነቅል እመኝ ነበር። ከዚያ ልጁ ራሱ «ጋሼ፣ ዘይት ይበላል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አይበላም» አልኩ።

ለረጅም ጊዜ ራሴን ያጽናናሁት በዚህ መልስ ነው። ሐሰት አልነበረማ! ዘይት የሚበላ ሞተር ማለት ፋሻው ወይም የቫልቭ ጎማው አልቆ ዘይቱን ከቤንዚን ጋር የሚያነድ ነው። የእኔ ያንን አያደርግም፤ መለኪያው ላይ ጎልቶ የሚታይ መጉደል አልነበረም። ግን ልጁ የጠየቀኝ ስለ ፋሻ ብቻ አልነበረም። «የማላየው፣ እርስዎ የሚያውቁት ችግር አለ?» ማለቱ ነበር። ይህ ገብቶኛል። ገብቶኝ፣ ከጥያቄው ውስጥ በእውነት ልመልሰው የምችለውን ቁራጭ ብቻ መርጬ መለስኩለት። ከዚያ የከፋ ሐሰት ተናግሬ አላውቅም።

ውሉ ላይ «አይቼና አስመርምሬ ገዝቻለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። እሷንም ተደግፌባት ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን ይደነግጋል፤ እኔ ግን ያኔ ያሰብኩት ስለ ሕጉ ሳይሆን ልጁ ስለፈረመው ወረቀት ነው።

ልጁ መኪናውን ለራይድ ሥራ ነው የገዛው። ከወራት በኋላ ለስም ዝውውሩ የጎደለ ሰነድ ፈልጎ ደወለልኝና በመሃል አወጋኝ። ክረምቱ ሲገባ ሞተሩ ጠዋት ጠዋት ሚስ ማድረግ ጀመረ። አንድ ጋራዥ ወሰደው። ካንዴላዎቹን ነቀሉ፤ ካንዴላዎቹ በዘይት ርሰዋል። መልሰው ሲያስነሡት መኪናው ሰማያዊ ጭስ አጨሰ። «ፋሻው አልቋል» ብለው ሞተሩን አወረዱት። ለዚህ ተበድሯል። ስልኩ ላይ የነገረኝ በቁጣ አልነበረም። «እርስዎ ጋ ደህና ነበር፤ እኔ ጋ ሲደርስ ዕድሌ ሆነና ተበላሸ» አለኝ።

እኔ የሆነው ነገር ወዲያው ታየኝ። ዘይት የሞላበት ጉድጓድ ሳይጸዳ ካንዴላ ሲነቀል፣ ያቆረው ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል። ሞተሩ ሲነሣ ያ ዘይት ይነዳል፣ ያጨሳል። ጥቂት ቢጠብቁት ነድዶ ያልቅ ነበር። ካንዴላውንም አገላብጠው ቢያዩት፣ የረጠበው ከላይ በኩል ሸክላው ነው ወይስ እሳት የሚረጨው ጫፉ? ጫፉ ደረቅ ከሆነ ነገሩ የቀለበት ነው። ሞተር የሚያስወርድ አይደለም። ይህን ለልጁ ማንም አልነገረውም። ሊነግረው ይችል የነበረው ሰው እኔ ነበርኩ፤ መኪናው ምን እንደሆነ ከመካኒኬ ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩና።

በዚያ ስልክ ላይም ዝም አልኩ። ይህን መጨመር ይኖርብኛል። «አይዞህ» ብዬ ዘጋሁ። ሄጄ የነገርኩት ዘግይቼ፣ እንቅልፍ ካጣሁ በኋላ ነው። ከተበደረው ከፊሉን ሰጥቼዋለሁ፤ የቀረውን እየከፈልኩ ነው። አልተሳደበም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «ያኔ ቢነግሩኝ እኮ እገዛው ነበር፤ ለምን ደበቁኝ?» በእርግጥም ይገዛው ነበር።

አገራችን ውስጥ አሮጌ መኪና ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ መኖሩ ገና ይቀጥላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ የያዝነውን ነው የምንሸጣሸጠው። ለገበያ በቀረበ ቁጥር ሞተሩ የሚታጠብ መኪና ስንት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ለምን እንደሚታጠብም እናውቃለን።

የምትሸጡት መኪና እንደ እኔው ከሆነ ልለምናችሁ። ቀለበቶቹን አስቀይሩ። ጉድጓዱ ካንዴላው ከመነቀሉ በፊት በጨርቅ ወይም በሲሪንጅ ይጽዳ። የደረቀውን ጎማ በሲሊኮን ደፍኖ ማለፍ አያዛልቅም። የሞተሩ መተንፈሻ ቫልቭ መደፈኑም ይታይ፤ ከተደፈነ በውስጥ የሚጠራቀመው ግፊት አዲሱንም ቀለበት አልፎ ዘይቱን ይገፋዋል። የክዳኑን ቡሎን ከልክ በላይ የሚያጠብቅ መካኒክ ካያችሁ አስቁሙት፤ ክዳኑ ይጣመማል። ማስቀየር ካልቻላችሁ ደግሞ አትጥረጉት። ገዢው ፊት ገመዱን ነቅላችሁ አሳዩት፣ ከዋጋው ቀንሱለት፣ ውሉም ላይ «ካንዴላ ዙሪያ ዘይት ያፈስሳል» ብላችሁ ጻፉ።