ለሯጭ እግር የሚመቹ የጣና ዳር መንገዶች

የአገራችን ሰው ሩጫ ሲነሣ አስቀድሞ የሚያስበው ውድድርንና ሜዳልያን ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጦ ካሸነፈ ወዲህ፣ የሩጫና የኢትዮጵያ ስም ተለያይተው አያውቁም። ነገር ግን ሩጫ የጀግኖች ብቻ ርስት አይደለም። ውሎውን በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ የሚፈጽም አባት፣ ከቤት ሥራ ጥቂት ፋታ ያገኘች እናት፣ ከትምህርት ያረፈ ልጅም በማለዳ ተነሥተው በሶምሶማ ጥቂት መንገድ ቢሄዱ፣ ለአካላቸው ጤናን ለአሳባቸውም ዕረፍትን ያገኛሉ።

ለዚህ ተግባር የሚስማማው ሥፍራ ወዴት ነው ብሎ ለሚጠይቀን ሰው የጣናን ዳርቻ እንጠቁመዋለን። ይህን ስናደርግ ግን አንድ ነገር አስቀድመን ልንነግረው ይገባናል። ጣና እግር የሚሮጥበት ብቻ ሳይሆን እግር የሚገታበትም ሥፍራ ነው። መገታትን ያልተማረ ሯጭ የዚያን አገር ውበት ሳያየው ያልፋል፤ ወይም ሳያውቀው ያበላሸዋል።

ጣና በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ ታላቁ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ስፋቱ እንዲህ ታላቅ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ ብዙ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ሥፍራ ስንኳ 15 ሜትር ያህል ነው። በላዩም 37 ያህል ደሴቶች ተበትነው ይታያሉ፤ ከእነዚህም በብዙዎቹ ላይ ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት ተመሥርተዋል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ከለመደው ከፍታ ወረድ ስለሚል ትንፋሹ ይቀለዋል። ከቆላ ወይም ከባሕር ማዶ የመጣ ግን የመጀመሪያዎቹን ቀናት በዝግታ እንዲሮጥ እንመክረዋለን።

የመጀመሪያው መንገድ በባሕር ዳር ከተማ ውስጥ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ጀምሮ የሐይቁን ዳር ይዞ የሚሄደው ነው። መንገዱ ሜዳ ስለ ሆነ ለጀማሪ፣ ለሽማግሌና ለሕፃን ሁሉ ይመቻል። የዋርካና የሾላ ዛፎች ጥላቸውን ከመንገዱ ላይ ይጥላሉ። በማለዳ የሮጠ ሰው ከደንገል የተሠራች ታንኳውን እየቀዘፈ የሚመጣውን ዓሣ አጥማጅ ያያል፤ ሰማዩ ጠርቶ እንደ ሆነም ክብራን ገብርኤልንና ጎረቤቱን እንጦስ ኢየሱስን በውሃው ላይ እንደ ሁለት አረንጓዴ ጉብታዎች ይመለከታል። የሚሮጥ ሰው ዐይኑን የሚጥልበት እንዲህ ያለ ሩቅ ነገር ሲያገኝ ድካሙን ይረሳል።

ሁለተኛው መንገድ ወደ ዓባይ ይወስዳል። ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚሮጥ ሰው፣ ወንዙ ከሐይቁ ተለይቶ ጉዞውን ከሚጀምርበት ሥፍራ ብዙ ሳይርቅ ወደ ድልድዩ ይደርሳል። በግንቦት ወር 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት ያለው ሲሆን፣ ለእግረኛም ሰፊ መተላለፊያ ተሠርቶለታል። ግንድ ይዞ ይዞራል እየተባለ የሚተረትበት ዓባይ በዚህ ሥፍራ ገና ጸጥተኛ ነው፤ ጩኸቱ የሚጀምረው ወደ ታች ወርዶ በጢስ ዓባይ ነው። ከድልድዩ ባሻገር መንገዱ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ወዳለበት ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ያቀናል። ዳገቱ ልብን የሚፈትን ነው። ነገር ግን ከፍ ወዳለው ሥፍራ የደረሰ ሰው ወንዙ በዛፎች መካከል እየተጠማዘዘ ሲሄድ ሲያይ፣ የከፈለው ላብ ያንስበታል።

በዚህ መንገድ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በወንዙና በሐይቁ ዳር ጉማሬ አለ። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ ወደ የብስ ይወጣና ወደ ንጋት ወደ ውሃው ይመለሳል። በእርሱና በውሃው መካከል የተገኘ ሰውም ከአደጋ ላይ ወደቀ ማለት ነው። ስለዚህ ጨለማው ፈጽሞ ሳይገፈፍ በወንዙ ዳር መሮጥ ድፍረት እንጂ ጀግንነት አይደለም።

ሦስተኛው መንገድ የዘጌ ነው፤ እኛም ከሁሉ አብልጠን የምንወደው ይህን ነው። ዘጌ ከሐይቁ ምዕራብ ደቡብ በኩል ወደ ውሃው ገባ ያለች ልሳነ ምድር ናት። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ታስሄዳለች፤ በየብስም 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ከጀልባው ወርዶ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው ጠባብ መንገድ የገባ ሰው በአንድ ጊዜ ከፀሐይ ወደ ጥላ ይሸጋገራል። ከላይ ዋንዛው፣ ሰሳውና ብርብራው ቅርንጫፎቻቸውን አያይዘው ጣራ ሠርተዋል፤ ከሥራቸው ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው ይበቅላል። ጦጣው ከዛፍ ወደ ዛፍ ይዘላል። መሬቱ በረገፈ ቅጠል የተሸፈነ ስለ ሆነ ለጉልበት ይለሰልሳል፤ ሆኖም በየመካከሉ ሥርና ድንጋይ ስላለበት ዐይን ከእግር ሊቀድም ይገባዋል። በክረምትም ጭቃው ስለሚያዳልጥ፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያሉትን ወራት መምረጥ ይበጃል።

ይህ ደን እስከ ዛሬ ሊቆይ የቻለው ለምንድር ነው? በዙሪያው ያለው ምድር ለእርሻና ለማገዶ ተብሎ ዛፉ ከተመነጠረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የዘጌ ሰዎች የሚሰጡት መልስ እንዲህ ነው። አቡነ በትረ ማርያም በዚያ በጸለዩ ጊዜ፣ የዘጌ ሕዝብ በሬ ጠምዶ ሳያርስ ከዛፍ ፍሬ እንዲኖር ቃል ኪዳን ተቀበሉ፤ በትራቸውንም ከሦስት ሰብረው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆነ ይባላል። ከዚያም ወዲህ በልሳነ ምድሪቱ ማረስ እንደ ነውር ተቆጥሮ ኖረ። ቡና ደግሞ ጥላ የሚወድ ተክል ነውና፣ ቡናውን ያለሙት እጆች ታላላቆቹን ዛፎች ለመጠበቅ ተገደዱ። እንግዲህ ሯጩ የሚደሰትበት ጥላ እንዲሁ የተገኘ አይደለም። ብዙ ትውልድ ማረስ እየቻለ ከማረስ፣ መቍረጥ እየቻለ ከመቍረጥ በመከልከሉ የተገኘ ነው።

ስለዚህ በዘጌ የሚሮጥ ሰው የዚሁ ሕግ ተካፋይ እንዲሆን ይገባዋል እንላለን። ከመንገዱ ወጥቶ በቡናው መካከል አቋራጭ አያብጅ። እንጨት ወይም የቡና ከረጢት የተሸከመች እናት ስታጋጥመው ጥግ ይዞ ያሳልፋት፤ ለእርሱ የጤና መንገድ የሆነው ለእርሷ የእንጀራ መንገድ ነውና። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሲቃረብ ሩጫውን ትቶ በእርጋታ ይራመድ፤ ነጠላውን ወይም ረዘም ያለ ልብሱን በከረጢት ይዞ እንደ ሆነ በዚያ ይልበስ። ቅዳሴ ካለ ከደጅ ይቁም፤ አባት መነኩሴ ሲያገኝም «አባ ይባርኩኝ» ብሎ ጐንበስ ይበል። እንዲህ ያደረገ ወጣት በአባቶች ዘንድ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ልጅ ይታያል።

ደሴቶቹን በተመለከተም እንዲሁ ነው። እነርሱ የጸሎት እንጂ የሩጫ ሥፍራዎች አይደሉም። ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡም፤ በእንጦስ ግን የሴቶች ገዳም አለ። ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና ዓባይ ከሚወጣበት አጠገብ ወዳለችው ወደ ደብረ ማርያም ደሴት ግን ቤተ ሰብ ሁሉ በአንድነት ሊሄድ ይችላል። ለሁለት ቀን የሮጡ ሰዎች ሦስተኛውን ቀን ለዚህ ጉብኝት ቢያውሉት እግራቸው ያርፋል፤ ዐይናቸውና ልባቸውም ይጠግባል።

ይህን ሁሉ ስንጽፍ ጣና ችግር የሌለበት ገነት ነው እያልን አይደለም። በ2004 ዓ.ም. ግድም በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ የተባለ አረም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፍቶ ዓሣ አጥማጁንና ገበሬውን አስጨንቋል። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናንና አካባቢውን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ቢያሰፍረውም፣ መዝገብ ብቻውን አረም አይነቅልም፤ መጥረቢያም አይመልስም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭትም ለአገሬው ሕዝብ ከባድ መከራ ሆኗል። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ሰው የመንገዱን ሰላም አስቀድሞ ከአካባቢው ነዋሪዎች ይጠይቅ፤ የሚያውቀውን የአገር ሰው ሳይዝም ወደ ደን አይግባ።

ስለ ጤናም ጥቂት እንጨምር። በሐይቁ ዳር ውሃ ውስጥ ቢልሃርዝያ ስላለ፣ የጋለ እግርን ለማቀዝቀዝ ተብሎ ወደ ውሃው መግባት አይገባም። ወባም ስላለ በአጎበር ሥር መተኛት መልካም ነው። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ የማይቀምስ ሰው ረጅሙን ሩጫ ለሌላ ቀን ያቆየው፤ በዚያን ቀን ወደ ማታ ተቃርቦ አጭር ሶምሶማ ይበቃዋል። ልጆች አብረው ካሉም ፍጥነቱን የሚወስነው ከሁሉ የሚያንሰው ልጅ ይሁን።

እንግዲህ የተከበራችሁ አንባብያን፣ ልጆቻችሁ መሮጥ ሲወዱ አትከልክሏቸው፤ ይልቁንም ወዴት እንደሚሮጡና ወዴት እንደሚቆሙ አስተምሯቸው። የዘጌን ደን ለዛሬ ያቆዩልን ሰዎች መሄድ የማይችሉ ሰዎች አልነበሩም፤ ወሰናቸውን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ልጆቻችን በዚያ ጥላ ሥር ሮጠው፣ በቅጥሩ ደጅ ጫማቸውን አውልቀው ቢገቡ፣ የልጅ ልጆቻቸውም የሚሮጡበት ጥላ ይተርፋል።