የእህታችን ላሞች

ጋምቤላ ላይ ፀሐይዋ በረድ ስትል ሰው ሁሉ ወደ ባሮ ነው። እኛም እንደ ሰው ሁሉ ድልድዩ አካባቢ የፕላስቲክ ወንበር ስበን፣ ሻይ አዝዘን ዓለምን እናስተካክላለን። (ዓለም እስካሁን አልተስተካከለችም። ጥፋቱ የሻዩ ሳይሆን አይቀርም።) ያን ቀን ከመካከላችን አንዱ አሜሪካን ይዞ መጣ። አሜሪካ ሲባል ቪዛ እንዳይመስላችሁ፤ የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ የነበረችዋን አሜሪካ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1825 የኢሪ ቦይ ተከፈተና የኒውዮርክ ወደብ ከመሐል አገር ሐይቆች ጋር በውሃ ተገናኘ። እህል ወረደ፣ ሸቀጥ ወጣ፣ መንደሩ ከተማ ሆነ። በማሳቹሴትስ፣ ሎዌል በምትባል ከተማ የገበሬ ልጃገረዶች ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገብተው ደመወዝ መቁጠር ጀመሩ። በፖለቲካውም "ንብረት የሌለው አይመርጥም" የሚለው ሕግ በየክፍለ ግዛቱ እየተነሳ ተራው ነጭ ወንድ ድምፅ አገኘ።

"ታዲያ ምን ይላል? ጥሩ አይደል?" አልነው።

"ቆዩ እንጂ" አለን። በኒው ጀርሲ ንብረት ያላቸው፣ ያላገቡ ሴቶች ይመርጡ ነበር፤ በ1807 ተከለከሉ። የ1821ዱ የኒውዮርክ ሕገ መንግሥት ለነጭ ወንዶች የንብረት መስፈርቱን ሲያነሳ፣ ጥቁር ወንድ ግን 250 ዶላር የሚያወጣ ንብረት ካላሳየ አይመርጥም አለ። ለአንዱ ወለል ብሎ የተከፈተ በር በሌላው ላይ ተዘጋ ማለት ነው። ያገባች ሴትማ ጭራሽ በሕግ ፊት ከባሏ የተለየች ሰው አልነበረችም። ደመወዟም የእሱ ነው።

በ1848 ሴኔካ ፎልስ ላይ ተሰብስበው "ወንዶችና ሴቶች እኩል ተፈጥረዋል" ብለው የፈረሙት 68 ሴቶችና 32 ወንዶች ናቸው። ከፈራሚዎቹ አንዷ ሻርሎት ዉድዋርድ የምትባል ጓንት ሰፊ ወጣት ነበረች። የሴቶች የመምረጥ መብት በመላ አገሪቱ በ1920 ሲጸድቅ ከፈራሚዎቹ በሕይወት የነበረችው እሷ ብቻ ናት። ያኔም አሟት ስለነበር ሳትመርጥ ቀረች። 72 ዓመት ጠብቃ!

እዚህ ላይ ዝም አልን። ከፊታችን ባሮ ይፈሳል።

ለነገሩ የእኛም ከተማ የውሃ ልጅ ናት። አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር ያልበለጠ የንግድ ቦታ በኪራይ ሰጡ። ክረምት ወንዙ ሲሞላ መርከብ ከካርቱም ይመጣል፤ የጎሬ ቡና በበቅሎ ወርዶ ይጫናል። ሱዳን ነፃ ስትወጣ የኪራዩ ዘመን አበቃ። በኋላ ደግሞ የመሬት ኪራይ መጣ። ካሩቱሪ የተባለው የህንድ ኩባንያ 100,000 ሄክታር ወሰደ፤ ውሉም በ2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። በዚህ ሁሉ መምጣትና መሄድ ውስጥ ውሃውንና እንጨቱን በጭንቅላቷ የምትሸከመውን ሴት ማን ጠየቃት?

ሕጉማ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ ያደርግ ነበር፤ ሴትም በ15 ዓመቷ ማግባት ትችል ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ ይመሠረታል አለ፤ በአንቀጽ 35 ደግሞ ሴት ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና መሬትን በእኩል የመጠቀም መብት አላት አለ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አደረገ። እኛም ይህን ሁሉ በቃላችን እናውቃለን፤ እንጽፍበታለን፤ "ላይክ" እንሰበስብበታለን።

ታዲያ ያ አሜሪካን ይዞ የመጣው ልጅ ሻዩን አስቀመጠና "የእኔን እህት ታውቋታላችሁ አይደል?" አለ።

እናውቃታለን። አሥረኛ ክፍል ሳለች ተዳረች። ቤተሰቡ ኑዌር ነው፤ ጥሎሹ ከብት ነው። (በአኙዋክ በኩል የቆየው ወግ ዲሙይ የሚባለው ሰማያዊ ዶቃ ነው፤ ሥራው ግን ያው ነው፦ በእህት የመጣው ለወንድም ሚስት ማግቢያ ይሆናል።) ከመጡት ከብቶች ገሚሱ ለታላቅ ወንድማቸው ጋብቻ ዋለ። ሁለት ላሞች ተሸጡና የእሱ የዩኒቨርሲቲ መንገድና ልብስ ሆኑ። "ስለ ሴቶች መብት የማነብበትን ዓይን የገዛችልኝ እሷ ናት" አለን።

ቀልድ አልመጣልንም። ከዚያ ወንበር ላይ እየተነሳን ብንቆጠር ከእህቱ ጥሎሽ ያልቀመሰ ስንት ይገኛል?

ጥሎሽን ስንሰድብ ለማምሸት አልነበረም። ሽማግሌዎቻችን እንደሚሉት ሁለት ቤተሰብ የሚያስተሳስር ነገር ነው፤ በባዕድ አገር የምትገባ ልጅም ክብሯ ይሆናል። ችግሩ ትዳሩ ሲከፋ ነው። ልፍታ ካለች ከብቱ ይመለሳል፤ ከብቱ ግን የወንድሟ ሚስት ሆኗል፣ የሌላው ዲግሪ ሆኗል። ስለዚህ "ቻዪው" የሚላት የገዛ ወንድሟ ነው። አንቀጽ 35 እዚያ ግቢ ሲደርስ ከላም ጋር ይጋፋል፤ እስካሁን የምታሸንፈው ላሟ ናት።

ጓደኛችን ደመወዝ ከያዘ ጀምሮ ከብት እየገዛ ነው። ሦስት ደርሰዋል። "የምትወጣ ከሆነ እንዲመለስ" አለ። ደስ አለን፤ እናዋጣ ተባባልን፤ እዚያው ሒሳብ ጀመርን። በማግስቱ ደወለላት፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ እኛም ሰማን። እስከ መጨረሻው አዳመጠችውና "ማን ልወጣ ነው አላችሁ?" አለች። ዝም። "እኔ የምፈልገው ያቋረጥኩትን አሥረኛ ክፍል ነው። የማታ ትምህርት አለ አሉ። ልጆቹን የሚይዝልኝ ሰው ፈልጉ።"

አያችሁ? ሴኔካ ፎልስን፣ ሕገ መንግሥቱንና የላሞቹን ቁጥር አውቀን ነበር። እሷን መጠየቅ ነው የረሳነው።

ከሦስቱ ላሞች አንዷ ተሸጣለች። ልጆቹን የምትይዝ ዘመድ መጥታ እሷ ቤት አርፋለች። ሁለቱ ላሞች ግን አሉ፤ አይሸጡም። ምን እንደሚሆኑ እሷ ትንገረን።