የ25ቱ ፊደላት ዘመን

ላፕቶፕ ሲገለበጥ ከሆዱ ሥር አንዲት ተለጣፊ ወረቀት የማትጠፋበት ዘመን ነበር። ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማትበልጥ፣ በውስጧ የደኅንነት ክር ያለፈባት፣ የዊንዶውሱ ዓይነትና የአምራቹ ስም የተጻፈባት ወረቀት። ከስሞቹ ሥር አምስት አምስት እየሆኑ በሰረዝ የተለያዩ 25 የላቲን ፊደላትና ቁጥሮች ይደረደራሉ፤ ሲሪያል ቁጥሩ እነሱ ናቸው። እኛ የጥገና ሰዎች "ስቲከሯ" ነበር የምንላት። ብዙ ባለቤቶች ልብ አይሏትም ነበር። ለእኛ ግን ማሽኑ ፎርማት ከተደረገ በኋላ በሕጋዊ ፈቃዱ መነሣቱ የተንጠለጠለው በእሷ ላይ ነበር። ዛሬ ሱቅ የሚሸጠውን አዲስ ላፕቶፕ ብትገለብጡ እነዚያን ፊደላት አታገኟቸውም። ከእነሱ ጋር አንድ ሙሉ የሥራ ባህል ሄዷል፤ ያንን ባህል ከልቤ እወደው ስለነበር ላወሳው እፈልጋለሁ።

ሙያውን የተማርኩት በኤክስፒ ዘመን፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንዲት ጠባብ የጥገና ሱቅ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ከቀዳሚዎቹ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር ነበረው። ዊንዶውስ 98 ሲሪያል ቁጥሩን አንዴ ከተቀበለ ዳግመኛ አይጠይቅም። ኤክስፒ ግን አክቲቬት እስኪደረግ፣ ማለትም ፈቃዱ በማይክሮሶፍት ዘንድ እስኪረጋገጥ፣ የሚታገሠው 30 ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ አያስገባም። ስለዚህ ዊንዶው መጫን ማለት ሲዲ ከቶ "ኔክስት" እያሉ መሄድ መሆኑ ቀረ። ፈቃዱ የትኛው ነው? ሲዲውስ ከፈቃዱ ጋር ይስማማል ወይ? እነዚህ ሳይመለሱ ሥራ አይጀመርም።

ያኔ ላፕቶፕ ብርቅ ነበር። አብዛኛው የሚመጣው በዘመድ እጅ ነው፤ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ፣ ከዱባይ። ባለቤቱ አቅፎት ይገባና ገና ጠረጴዛ ላይ ሳያስቀምጠው "ወንድሜ፣ ይሄ ኦሪጅናል ነው፤ ኦሪጅናሉን እንዳታጠፋብኝ" ይላል። አለቃችን ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። ላፕቶፑን አጥፍቶ፣ ባትሪውን አውጥቶ፣ ገልብጦ ስቲከሯን በጣቱ ያሳያል። "ኦሪጅናሉ ይኸውልዎ። የከፈሉበት ይሄ ነው፤ ሃርድ ዲስኩ ቢበላሽ እንኳ ይሄ አይጠፋም" ይላቸዋል። ከዚያ ባለቤቱ እያየ ሲሪያሉን በመዝገብ ላይ እንገለብጠዋለን። ብዙ ሰው የገዛው ዕቃ ብቻ ሳይሆን ፈቃድ ጭምር መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቀው በዚያች ጠረጴዛ ላይ ነው።

መገልበጡ የሁለት ሰው ሥራ ነበር፤ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይጽፋል። በሲሪያሉ ውስጥ የሚገቡት ምልክቶች 24 ብቻ ናቸው፤ 17 ፊደላትና 7 ቁጥሮች። ኦና ዜሮ፣ አይና አንድ፣ ኤስና አምስት የሚምታቱ ስለሆኑ አንዳቸውም የሉበትም። ቢና 8፣ ጂና 6 ግን አሉበት። ጭን ላይ ሲታሸት ለከረመና በሙቀት ለደበዘዘ ወረቀት አራቱ ብቻቸውን ከበቂ በላይ ፈተና ናቸው። እንዳንሳሳት ፊደሎቹን በከተማ ስም እንጠራቸው ነበር፦ ቢን ባሕር ዳር፣ ጂን ጎንደር፣ ጄን ጅማ፣ ኤችን ሐረር፣ ዲን ደሴ፣ ኤምን መቀሌ። "ጎንደር፣ 4፣ ሐረር፣ ጅማ፣ 9" ይላል አንባቢው፤ ጸሐፊው ደግሞ መልሶ ያነብለታል። አዲስ አበባ ግን ተጠርታ አታውቅም፤ ኤ ከ24ቱ ውስጥ የለችምና። ቀለሙ ጨርሶ የጠፋ ሲመስል የእጅ ባትሪ በጎን እናበራበታለን፤ ከላይ ሲያዩት የማይለይ ፊደል በጎን ብርሃን ጎልቶ የወጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከመዝገቡ ቀጥሎ የሲዲው ምርጫ ይመጣል። የኤክስፒ ሲዲ ሁሉ አንድ አልነበረም። በካርቶን ለብቻው የሚሸጠው፣ ከኮምፒውተር ጋር የሚመጣውና ለትልልቅ ድርጅቶች የሚሰጠው ይለያያሉ፤ ሆምና ፕሮፌሽናል የሚባሉት የኤክስፒ ዓይነቶችም እንደዚሁ። የአንዱን ሲሪያል ሌላው ሲዲ አይቀበለውም። ደንበኛው "እንግዲያው ስቲከሩ ውሸት ነው ማለት ነው?" ብሎ ሲደነግጥ፣ ስቲከሩ እውነተኛ እንደሆነና ያልገጠመው ሲዲው እንደሆነ ማስረዳት የኛ ፋንታ ነው። ሲዲዎቻችን ላይ በማርከር የየዓይነታቸው ስም ተጽፎ፣ በተርታ ተደርድረው ይቀመጡ ነበር።

ከሁሉም የምወደው የዴል ሲዲ ነው። ፕሮግራሙ ኮምፒውተሩ ላይ አስቀድሞ እንደተጫነና ሲዲው እንደገና ለመጫን ብቻ እንደሆነ ላዩ ላይ ተጽፎበታል። በዴል ማሽን ላይ ሲገባ ሲሪያልም አይጠይቅ፣ አክቲቬት አድርጉኝም አይል። ምክንያቱ አምራቹ ኮምፒውተሩን በሚያስነሣው ባዮስ ውስጥ ያኖረው ምልክት ነው። ሲዲው ያንን ምልክት ካገኘ፣ ፈቃዱ ከፋብሪካ አብሮ የወጣ ማሽን ነው ብሎ ያልፋል። ፋብሪካው የሚጠቀመው ሲሪያል ለአምራቹ ማሽኖች የጋራ ነው፤ ስቲከሯ ላይ ያለው ግን የዚያች የአንዷ ማሽን ብቻ ነው። ይህን ልዩነት የተረዳ ጠጋኝ ግማሹን ችግር ፈታ ማለት ነበር።

ሲዲ ሳይኖራቸው የሚመጡ ማሽኖች ደግሞ ሃርድ ዲስካቸው ላይ የተደበቀ ክፍል ነበራቸው። ኤችፒ ከሆነ ሲነሣ ኤፍ 11ን መምታት፣ ቶሺባ ከሆነ ዜሮን ይዞ ማብራት፣ ኤሰር ከሆነ አልትና ኤፍ 10ን አንድ ላይ መጫን። እነዚህን በቃላችን ነበር የምናውቃቸው። ትክክለኛው ቁልፍ ከተነካ ማሽኑ ከካርቶን የወጣ ዕለት ወደነበረበት ይመለሳል፤ ፈቃዱም ሳይጠየቅ አብሮት ይነሣል። ብዙ ሰው ግን "ቦታ ይያዝብኛል" እያለ ያንን ክፍል ያስጠፋዋል። አለቃችን አንድ ደንብ ነበረው፦ ክፍሉ ከመጥፋቱ በፊት ይዘቱ በሲዲ በርን ተደርጎ ለባለቤቱ ይሰጣል። የሲዲውን ዋጋ ከራሱ የሚከፍልበት ጊዜ ነበር።

ነገሩ የከበደው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2005 ነው። የስቲከር ሲሪያሎች እየተሰረቁ ስላስቸገሩ፣ ማይክሮሶፍት በ20ዎቹ ታላላቅ አምራቾች የኤክስፒ ማሽኖች ላይ የተለጠፉት ሲሪያሎች በኢንተርኔት አክቲቬት መደረጋቸውን አስቀረ። የአምራቹ ሲዲ ለጠፋበት ሰው የቀረው መንገድ ስልክ ነው። ኮምፒውተሩ በስድስት በስድስት የተቧደኑ ከ50 በላይ ቁጥሮች ያወጣል፤ እነሱን በስልክ አንብቦ 42 ቁጥሮች ያሉት መልስ መቀበልና ከኤ እስከ ጂ በተሰየሙት ሳጥኖች ውስጥ መሙላት ነው።

ልጃቸው ከአሜሪካ በላከችላቸው ላፕቶፕ አንዲት እናት ሱቃችን የመጡበትን ምሽት አልረሳውም። ልጅቱ ከዚያ ደወለች፤ እዚያ ጠዋት ነበር። በአንዱ ስልክ ከእኛ ጋር፣ በሌላው ከማይክሮሶፍት ጋር ሆነች። እኔ ከስክሪኑ አነብላታለሁ፣ እሷ ለዚያኛው ወገን ታቀብላለች። መልሱ መምጣት ሲጀምር እናትየው ወንበራቸውን አስጠግተው "ቀስ በይ ልጄ፣ ይጽፍበት" ይሏታል። ሦስተኛው ሳጥን ላይ መስመሩ ተቆረጠ፤ ተመልሳ ደወለችና ካቆምንበት ቀጠልን። የመጨረሻው ሳጥን ሞልቶ የማረጋገጫው መልእክት ሲወጣ እናትየው "አለቀ? የኔ ሆነ?" አሉኝ። "አዎ እማማ፣ የርስዎ ነው" አልኳቸው። ልጅቱ በስልኩ ውስጥ እልል አለች። ሁለት አገር ያሉ ሰዎች ለአንድ ማሽን ፈቃድ እንዲያ ሲተባበሩ ማየት ዛሬም ደስ ይለኛል።

ለዚህ ሁሉ ድካም መፍትሔ የምትሆን አንዲት ትንሽ ፋይልም ነበረች። አክቲቬት የተደረገ ኤክስፒ የማረጋገጫውን መዝገብ ሲስተም 32 ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ከፎርማት በፊት እሷን በፍላሽ ቀድቶ መጫኑ ሲያልቅ ወደ ቦታዋ የመለሰ ሰው፣ ማሽኑ ያው እስከሆነ ድረስ ስልክም ኢንተርኔትም አያስፈልገውም። ኤክስፒ የሚያመሳክረው 10 ያህል የሃርድዌር መለያዎችን ነው፤ ሜሞሪ፣ ሃርድ ዲስክ፣ ፕሮሰሰር፣ ኔትዎርክ ካርድና የመሳሰሉትን። ጥቂቶቹ ቢቀየሩ ያልፋል፤ ብዙዎቹ ከተቀየሩ ግን ሌላ ማሽን ነው ብሎ እንደገና ይጠይቃል። ያችን ፋይል ሳይቀዱ ፎርማት ማድረግ በሱቃችን ነውር ነበር።

በዚያው ዘመን ከተማው ውስጥ አክቲቬሽን የማይጠይቅ የድርጅት ኤክስፒ በየመንገዱ እየተቀዳ ይሸጥ ነበር። አብዛኛው ሱቅ የመጣለትን ማሽን ሁሉ በእሱ ነበር የሚጭነው። የሚያሳዝነው በሕጋዊ ፈቃድ ተገዝቶ የመጣ ላፕቶፕ፣ ስቲከሯን ሆዱ ሥር እንደያዘ በተሰረቀ ቅጂ መሥራቱ ነው። ከዚያ ማይክሮሶፍት የታወቁትን ሲሪያሎች በማሻሻያ ማገድ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህም ከድረ ገጹ ፋይል ለማውረድ ማረጋገጫ ጠየቀ፤ በ2008 ደግሞ ያላለፉትን ማሽኖች ዴስክቶፕ ማጥቆር ያዘ። ያን ጊዜ ነው ሰው ከየሱቁ ወደ እኛ መመለስ የጀመረው። ላፕቶፑን ገልብጠን የራሱን ሲሪያል ስናሳየው፣ ሲከራከርለት የኖረው መብት ከእጁ ወጥቶ እንደማያውቅ ያየ ሰው ፊቱ ሁሉ ይበራ ነበር።

አክቲቬሽኑ ካለቀ በኋላ አንድ የማይዘለል ሥራ ይቀራል፤ የአማርኛ መጻፊያውን ፓወር ግዕዝ መጫን። ያለ እሱ የደንበኛው ደብዳቤ፣ የጥናት ወረቀት፣ የሰንበቴ መዝገብ ሁሉ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ሆኖ ይከፈታል፤ የአማርኛው መልክ ያለው በፎንቱ ውስጥ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የዋለው ቪስታ ኒያላ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ ሲመጣ ምን ያህል እንደተደሰትን ዛሬ ለወጣቶቹ ማስረዳት ይከብዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ ምንም ሳንጨምርበት ፊደላችንን አሳየን።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲመጣ ሲሪያሉ ከሆድ ሥር ተነሥቶ ማዘርቦርዱ ውስጥ ገባ፤ መጫኛው ራሱ አንብቦ ይወስደዋል። የአዲሶቹ ማሽኖች ስቲከር ፊደል አልባ ሆነ። በ2015 ዊንዶውስ 10 ደግሞ ፈቃዱን በማይክሮሶፍት ሰርቨር ላይ በማሽኑ መለያ መዘገበ፤ ያው ማሽን ተመልሶ ኢንተርኔት ሲያገኝ ይታወቃል። የዊንዶውስ 7 ስቲከሮች ግን እስከ ቅርብ ጊዜ አገልግለውናል፤ ሲሪያላቸው ዊንዶውስ 10ን አክቲቬት ያደርግ ነበር። በሴፕቴምበር 2023 ማይክሮሶፍት ያንንም መንገድ ዘጋው።

አዲሱ አሠራር የተሻለ ነው፤ ይህን ሳልሸሽግ እመሰክራለሁ። የሚደበዝዝ ፊደል የለም፣ የሚሰረቅ ወረቀት የለም፣ ከባሕር ማዶ የሚነበብ ቁጥር የለም። ነገር ግን ሰው ከራሱ ፈቃድ ጋር ተራርቋል። ማዘርቦርዱ ሲቀየር ፈቃዱ አብሮ እንደሚሄድ፣ ከማሽኑ ጋር የመጣው የሆም ፈቃድ ፕሮን እንደማያስነሣ፣ አብሮ የተገዛ ፈቃድ ወደ ሌላ ኮምፒውተር እንደማይዛወር የሚነግረው የለም። የሚያውቀው ችግር ሲገጥመው ነው፤ ያኔ ደግሞ በእጁ የያዘውን መብት በገንዘቡ ድጋሚ ሊገዛ ገበያ ይወጣል።

ስለዚህ ከአለቃችን የተማርኩትን አልተውኩም። ፎርማት ከመደረጉ በፊት ደንበኛዬን አጠገቤ አስቀምጬ ሴቲንግ ውስጥ ያለውን የአክቲቬሽን ገጽ እከፍትለታለሁ። ሆም ይሁን ፕሮ አብረን እናነባለን፤ ፈቃዱ የተያያዘው ከማዘርቦርዱ ጋር ይሁን ከማይክሮሶፍት አካውንቱ ጋር፣ መዝገብ ላይ ጽፌ ቅጂውን እሰጠዋለሁ። በእጄ የሚማሩ ልጆችም ይህን ሳያደርጉ ማሽን አይነኩም። ማሽኑ ዛሬ ይህን አይጠይቀንም፤ ባለቤቱ ግን የከፈለበትን የማወቅ መብት አለው።