የክንፍ ጉድለት

የባንክ ገንዘብ ከፋይ ውሎውን የሚዘጋው ከሁለት ቃላት በአንዱ ነው፤ ወይ “ገጠመ” ይላል፣ ወይ “ጉድለት አለ” ይላል። ሒሳቡ ከገጠመለት ኮቱን አንሥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጉድለት ከተገኘበት ግን ብሩን እንደገና ይቆጥራል፣ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ያገላብጣል፣ በመጨረሻም የጎደለውን ከኪሱ ይሞላል። እኔም ከዚህ መስኮት ኋላ ከተቀመጥሁ አሥር ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጉድለት የሚባለውን ነገር ጠንቅቄ አውቀዋለሁ ብዬ አምን ነበር። አለማወቄን ያስተማሩኝ ዓሦች ናቸው።

ውድ አንባቢያን፣ ከግጥም ወደ ዓሣ በመዝለሌ አትፍረዱብኝ። በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ከመጻሕፍት መደርደሪያዬ ጎን አንዲት የመስታወት ገንዳ አለችኝ። በውስጧ ነጋዴዎች ኤንጅልፊሽ የሚሏቸው፣ እኔ ግን “መላእክቱ” የምላቸው ሁለት ዓሦች ይኖራሉ። አገራቸው የአማዞን ወንዝ ነው፤ ወገናቸው ሲክሊድ ከሚባለው ሰፊ የዓሣ ቤተሰብ ነው። ቤተሰቡ ለእኛም ባዕድ አይደለም፤ ከሐዋሳና ከዝዋይ ሐይቅ ወጥታ በዘይት የምትጠበሰው ቆሮሶ የዚሁ ቤት ልጅ ናት። የመልአኩ ልዩ ውበት ግን ክንፉ ነው። የጀርባው እንደ ሸራ ወደ ላይ ይዘረጋል፤ የሆዱ ክንፎች ደግሞ እንደ ሁለት የነጠላ ዘርፎች ወደ ታች ይወርዳሉ።

ጥንዶቹን የገዛኋቸው ከአንድ ሻጭ፣ ከአንድ ገንዳ ነበር። በዓመታቸው ሰፊ ቅጠል መርጠው ካጸዱ በኋላ እንቁላላቸውን በረድፍ ደረደሩ፤ አባትና እናት እየተፈራረቁም በክንፋቸው ያራግቡት ጀመር። በሁለተኛው ሌሊት መብራት ሄደ። ማሞቂያው ጠፋ፤ 28 ዲግሪ የነበረው ውኃም የአዲስ አበባን ብርድ እየጠጣ እስከ 21 ወረደ። ጋቢዬን ከላዬ አንሥቼ ገንዳዋን ጠቀለልሁ፤ እኔ ካፖርት ደርቤ አደርሁ።

ከዚያ ሌሊት የተረፉት ጫጩቶች 61 ነበሩ። ስድስት ሳምንት ሞልቷቸው የመልአክ ቅርጽ ሲይዙ 16ቱ የሆድ ክንፋቸው ጎዶሎ ሆነ። አንዳንዱ በአንድ ጎኑ ብቻ ነበረው፤ አንዳንዱም በሁለቱም ጎን ጉጥ እንጂ ክንፍ አልነበረውም።

የዓሣ ክንፍ በሦስት መንገድ ይጎድላል። አንደኛው ንክሻ ነው፤ ሲክሊዶች ጠበኞች ናቸውና ይቦጫጨቃሉ። ይህ ቀላሉ ነው፤ ሥሩ ካልተነቀለ በቀር የተቦጨቀ ክንፍ በንጹሕ ውኃ ውስጥ መልሶ ያድጋል። ሁለተኛው አስተዳደግ ነው፤ ብርድ፣ የቆሸሸ ውኃ፣ መጨናነቅና ቫይታሚን የጎደለው ምግብ ገና በመሠራት ላይ ያለውን አካል ያጣምማሉ። ሦስተኛው ከደም የሚወረስ ነው። እኔ ሁለተኛውን መረጥሁ። ጥፋቱን በመብራቱ ላይ ጥዬ በሰላም ተኛሁ።

በዚያው ሰሞን የአከራዬ ልጅ፣ የ14 ዓመት ብላቴና፣ ከኪስ ገንዘቡ ያጠራቀማትን ይዞ መጣ። ከ45ቱ መልከ መልካሞች ሁለቱን መርጬ ሸጥሁለት። ክንፋቸው ሙሉ፣ አከርካሪያቸው ቀጥ ያለ፣ ዓይናቸው የጠራ ነበር። “ምርጦቹን ነው የሰጠሁህ” አልሁት። ያን ጊዜ አልዋሸሁም።

ከሦስት ወር በኋላ መላእክቱ እንደገና ወለዱ። በዚህ ጊዜ መብራት አልጠፋም፤ ውኃውን በየጊዜው ቀይሬያለሁ፤ ምግቡም የተሟላ ነበር። ጫጩቶቹ ሲያድጉ እንደ ሥራዬ ልማድ ቆጠርኋቸው፤ 152 ነበሩ። ክንፈ ጎዶሎዎቹን ለየሁ፤ 37። ከአራት አንድ ያህል መሆኑ ነው። ያለፈውንም መለስ ብዬ ሳሰላው ያው ከአራት አንድ ገደማ ሆኖ አገኘሁት።

ይህን ቁጥር የሚያውቅ ያውቀዋል። ግሪጎር ሜንዴል የተባለው መነኩሴ በብርኖ ገዳም አትክልት ቦታ አተር እየቆጠረ የደረሰበትና እ.ኤ.አ. በ1866 ያሳተመው ሒሳብ ነው። ላያቸው ጤነኛ የሆኑ ሁለት ወላጆች አንድ ዓይነት ስውር ጉድለት ከያዙ፣ ጉድለቱ ከአራት ልጆቻቸው በአማካይ በአንዱ ላይ ይገለጣል። ክንፋቸው ሙሉ ከሆኑት ከሦስቱም ሁለቱ ሳይታይባቸው ይሸከሙታል። እንግዲህ ጥፋቱ የመብራቱ አልነበረም። መላእክቴ ወንድምና እህት ሳይሆኑ አልቀሩም። ለብላቴናው የሸጥኋቸው “ምርጦች” ሁለቱም ተሸካሚ የመሆናቸው ዕድልም ከዘጠኝ አራት ነበር።

ወርጄ ልነግረው ይገባ ነበር፤ ከእኔ ክፍል እስከ እነርሱ በር ያለው ዐሥራ ሁለት ደረጃ ብቻ ነው። አልወረድሁም። ከዘጠኝ አምስቱ ዕጣ ይደርሰው ይሆናል አልሁና ዝም አልሁ።

በዓመቱ አንድ ምሽት በሬ ተንኳኳ። ብላቴናው የማርማላታ ጠርሙስ በሁለት እጁ አቅፎ ቆሟል። በጠርሙሱ ውስጥ ጥፍር የሚያህሉ ስድስት ጫጩቶች ነበሩ፤ የሆድ ክንፍ የላቸውም።

“ጋሼ፣ ውኃውን በየቀኑ ነው የቀየርሁት። ሌሊትም እየተነሣሁ አየው ነበር” አለኝ። ድምፁ ተሰበረ። “እኔ ነኝ አይደል ያበላሸኋቸው?”

“ሳይሆን አይቀርም፤ ለወደፊቱ ተጠንቀቅ” ብለው ያምነኝ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ደግነቱ ዓይኑን አየሁ።

“አንተ አይደለህም። ከእኔ ዘንድ ይዘዋቸው ነው የመጡት። ይህንንም ካወቅሁ ቆይቻለሁ፤ ሳልነግርህ ቀረሁ” አልሁት።

ለረጅም ጊዜ ጠርሙሱን እንጂ እኔን አላየም። ከዚያም “ታዲያ ምን ይሻላል?” አለ። ይቅርታው ይህች ጥያቄ ነበረች።

በማግስቱ ጉድለቱን ከኪሴ ሞላሁ። ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ዓሦቹን ከሌላ ምንጭ ከሚያመጣ ሻጭ ስድስት ግልገል መላእክት ገዛንለት። ስድስት የሆኑበት ምክንያት አለ፤ በልጅነታቸው ወንድና ሴታቸው አይለይም፤ ካደጉ በኋላም የሚጣመሩትን የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው። ስንገዛም የምናየውን አወቅን። የሆድ ክንፎቹ እኩል መውረዳቸውን፣ የጀርባው አለመታጠፉን፣ የስንጥቡ ክዳን ሙሉ መሆኑን፣ ሲዋኝ አለማዘንበሉን አየን። ከሁሉ በላይ ግን በዓይን የማይታየውን ጠየቅን፤ ወላጆቹ እነማን ናቸው? ከእነርሱ ጋር የተወለዱትስ ምን ይመስላሉ? አንድን ዓሣ ብቻ አይቶ መምረጥ መልኩን መምረጥ ነው፤ ዘሩን ለመምረጥ ወንድሞቹን ማየት ያሻል።

ያን ቀን አያቴ ትዝ አለችኝ። በአገራችን ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ እርሷም ሳትሳሳት ወደ ላይ ትወጣ ነበር። ልጅ ሳለሁ የኩራት ቆጠራ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን አያቴ ዘር የምትቆጥረው ለመራቅ እንጂ ለመጠጋት አልነበረም። ሰባት ቤት ማለት፣ ከራስህ ውጭ ካለው ጋር ተዛመድ ማለት ነው።

ከዘጠኝ ወር በኋላ ከአዲሶቹ አንዱ ከብላቴናው ሴት ጋር ተጣመረ። ከልጆቻቸው አንድም ክንፈ ጎዶሎ አልወጣም። ጉድለቱ ግን አልጠፋም፤ እኩያውን አጣ እንጂ። ግማሽ ያህሉ ዛሬም ተሸክመውታል። ስለዚህ ብላቴናው ዓሣ ሲሸጥ ለገዢው ይህንኑ አስቀድሞ ይናገራል፤ እርስ በርሳቸውም እንዳያራባቸው ይመክራል። እኔ አላዘዝሁትም።

ክንፈ ጎዶሎዎቹስ? አይራቡም፤ አልገደልኋቸውም። ሰው የሚጠይቅልኝን ሰጥቼ የቀሩት በሌላ ገንዳ ከእኔ ጋር ይኖራሉ። ሲዋኙ ጥቂት ያዘነብላሉ፤ ምግብ ስጨምር ግን ቀድመው የሚደርሱት እነርሱ ናቸው። የእነርሱ ጉድለት በግልጽ የሚታይ ነው፤ ማንንም አያታልልም።

ከመስኮቴ ኋላ ብር ስቆጥር ኖሬ፣
ሳይገጥም ገጠመ ያልሁት ሒሳብ ዛሬ፣
በጠርሙስ ተይዞ ከልጅ እጅ ደረሰኝ፤
ዝምታም ጉድለት ነው ብሎ አስፈረመኝ።