አንድ ሌሊት በአሪዞና በረሃ

በዚህ ወር የጉዞ ገጻችን ይዘንላችሁ የቀረብነው የታሪካዊ ከተማ ጉብኝት አይደለም። በብስክሌት ኮርቻ ላይ ያሳለፍነውን አንድ ሌሊትና በዚያው ሌሊት የሠራነውን ጥፋት ልናጫውታችሁ ነው። ጥፋቱን ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን ተማሪዎቻችን ሲያጠፉ እንዲናገሩ እየጠየቅን የራሳችንን ብንሸሽግ ለመምህርነታችን አያምርም።

በምንኖርበት በፊኒክስ ከተማ ቅዳሜና እሑድ ልጆችን ቁርኣን እናስቀራለን። ካስቀራናቸው አንዱ ዛሬ ጎልማሳ ሊሆን ነው፤ ያኔ ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ነበር። ከቂርአት ከራቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ይመጣ በነበረበት ጊዜም ማርፈድ ልማዱ ነበርና በጓደኞቹ ፊት ደጋግመን ተቆጥተነዋል። «ቀጠሮ አማና ነው» የምትለዋን ቃል የእኛን ያህል በጆሮው ያስገባበት ሰው የለም። ታዲያ አንድ ቀን እናቱ ጠርተውን፣ «ኡስታዝ፣ ይህ ልጅ ከዚያች ብስክሌቱ በቀር ወዳጅ የለውም፤ እስቲ እርስዎ ይቅረቡት» አሉን። ብንቀርበው ለአንድ ውድድር አራተኛ ሰው እየፈለገ ኖሯል። ሁለቱን አግኝቷል፤ አንዱ ነርስ፣ ሌላው የወሎ ተወላጅ የሆነ የታክሲ ሹፌር ነው። አራተኛው እኛ ሆንን። ሦስት ወር ሙሉ በየማለዳው ፔዳል ስንረግጥ ጎረቤቶቻችን ምን እንዳሉን ባንጽፈው ይሻላል።

ውድድሩ «24 ሰዓት በኦልድ ፑብሎ» ይባላል። ኦልድ ፑብሎ የቱሳን ከተማ የቁልምጫ ስም ነው። የተራራ ብስክሌትን ሌት ተቀን በዱላ ቅብብል የመወዳደር ልማድ በአሜሪካ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1992 ሌርድ ናይት የተባለ ሰው በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት «24 ሰዓት በካናን» የተሰኘውን ውድድር ከጀመረ ወዲህ ነው። የአሪዞናው በየዓመቱ በየካቲት አጋማሽ ገደማ፣ ከቱሳን በስተሰሜን በኦራክል አቅራቢያ በሚገኝ የከብት ርቢ መሬት ላይ ሲካሄድ ቆይቷል።

ሕጉ ቀላል ነው። አንዱ ዙር 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከቡድኑ አንድ ሰው ዱላውን ይዞ ይወጣል፤ ሲመለስ በመቀባበያው ድንኳን ውስጥ ለሚጠብቀው ጓደኛው ያስረክባል። በሀገራችን አቆጣጠር ቅዳሜ ከቀኑ 6 ሰዓት የተጀመረው እሑድ ከቀኑ 6 ሰዓት ድረስ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ተረኛውን ቡድኑ ራሱ ይወስናል፤ አንድ ሰው ሁለት ዙር አከታትሎ ቢወጣም የሚከለክለው የለም። ይህችን ሕግ ልብ በሉልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

በ2016 ዓ.ም. የካቲት 8 ቀን ዓርብ ጁሙዓን ሰግደን ከፊኒክስ ተነሣን። ከአስፋልቱ ወጥተን ኮረኮንቹን ከጨረስን በኋላ ያየነው ነገር አስገረመን። ሰው በማይኖርበት በረሃ ውስጥ የድንኳንና የመኪና ከተማ በቅሏል፤ ሕፃን አዝለው የመጡ ቤተሰቦችም አሉ። በስተደቡብ የሳንታ ካታሊና ተራሮች ቆመዋል። ዙሪያውን ደግሞ ሳጓሮ የሚባለው ታላቁ ቁልቋል ነው። ሳጓሮ እድገቱ እጅግ አዝጋሚ ነው። ክንድ ማውጣት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 75 ዓመት ሲሞላው ነው፤ ዕድሜውም ከ150 ዓመት ሊያልፍ ይችላል። የሚያስፈራው ግን እሱ ሳይሆን ቾያ የተባለው አጭሩ ቁልቋል ነው። ጥቂት ሲነኩት ቁራጩ ተገንጥሎ ሥጋ ላይ ይተከላል፤ እሾሁ እንደ መንጠቆ ስለሆነ በጣት አይነቀልም። በዚህም የተነሣ ብስክሌተኛው ሁሉ ማበጠሪያ በኪሱ ይይዛል። እኛም አንድ ሚዶ ገዝተን ነበር።

ቅዳሜ በቀትር ተኩስ ሲሰማ ነርሱ ከሌሎቹ ጋር ሮጦ ብስክሌቱን አነሣ። ከእሱ ሹፌሩ፣ ከሹፌሩ ልጁ ተቀበለ። ልጁ በአንድ ሰዓት ከ25 ደቂቃ ተመልሶ ዱላውን ሲሰጠን ፊቱ አቧራ ለብሶ፣ ዓይኑ ብቻ ያበራ ነበር። እኛ ያንኑ ዙር ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። መጀመሪያ ላይ አንዱን ሲወጡ ሌላው የሚጠብቅ የተከታተለ ዳገትና ቁልቁለት አለ። ከዚያ በኋላ ቀጭኗ መንገድ በቁልቋሎቹ መሃል ትጠማዘዛለች። ፀሐይ ስትጠልቅ ተራራው እንደ ፍም ቀልቶ ጥቂት ቆየና ጠቆረ። መብራታችንን አበራን። ከዚያ በኋላ ዓለም ማለት ከጎማችን ፊት ያለችው አንዲት ክብ ብርሃን ብቻ ሆነች።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ደርሰን፣ መግሪብም ሳያመልጠን ሰገድን፤ ዒሻእንም ጊዜው ሲገባ አስከተልን። የሚቀጥለው ተራችን ልጁ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ሲመለስ ነው። ለቡድኑ ያለው አንድ ትርፍ ባትሪ ነበርና ሞልተን በጃኬታችን ኪስ አስቀመጥነው። ስልካችንን ለ6 ሰዓት ተኩል ቀስቅሰን አልንና ተኛን።

ውድ አንባቢያን፣ ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ማለት ሲገባን ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ብለን ሞልተን ነበር።

የቀሰቀሰን ብርዱ ነው። ሰዓቱን ስናይ 8 ከሩብ ሆኗል! ነርሱም ሹፌሩም ተኝተዋል፤ የልጁ ፍራሽ ባዶ ነው። ጫማችንን እንኳ በቅጡ ሳናስር በጨለማው ወደ መቀባበያው ሮጥን። መንገዱ ለእግረኛ ሩብ ሰዓት ያህል ይርቃል። ከመዝጋቢዎቹ አንዱ የቡድናችንን ቁጥር ፈልጎ አገኘ። ልጁ 7 ሰዓት ሊሆን ሲል ገብቷል። ቁጥራችን በድምፅ ማጉያ ተጠርቷል። 20 ደቂቃ ከጠበቀ በኋላ ያው ሰው እንደገና ወጥቷል ተብሎ ተጽፏል።

እጃችንን ወደ ኪሳችን ሰደድን። ባትሪው እዚያው ነው። ልጁ የያዘው አንድ ዙር ሙሉ የበራበትን ነው፤ ለሁለተኛ ዙር እንደማይበቃ እሱም እኛም እናውቃለን። ሻዕባን ከገባ ሳምንት ሆኖት ነበርና ጨረቃዋ ግማሽ ነበረች፤ እሷም ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። ብዙም ሳትቆይ ጠለቀች።

ልንፈልገው እንውጣ ብለን መዝጋቢውን ጠየቅን። ሰውየው በትሕትና አንድ ነገር ብቻ መለሰልን፦ «እርስዎ ወጥተው እሱ ቢገባስ? አሁንም የሚቀበለው ሰው አይኖርም።» ከዚያ በኋላ የቀረልን ሥራ ከቦታችን አለመነቃነቅ ብቻ ሆነ።

በሕይወታችን ብዙ ጠብቀናል፤ እንደዚያ ሌሊት ግን አልጠበቅንም። ከጨለማው አንድ መብራት ብቅ ባለ ቁጥር ልባችን ይነሣል፤ ሌላ ሰው ይሆናል። የሰው ወንድም፣ የሰው ሚስት፣ የሰው ጓደኛ እየገባ ዱላውን ያስረክባል። ተቀባዩ በቦታው አለ፤ ይሳሳቃሉ፤ ይለያያሉ። ዳገቱን ለመውጣት ጉልበት እንጂ ሌላ ነገር የሚያስፈልግ አይመስለን ነበር። ለካ ሰው በዚያ ጨለማ የሚጋልበው መጨረሻው ላይ የሚጠብቀው እንዳለ እያሰበ ኖሯል። እናቱንም አሰብናቸው። «ይቅረቡት» ብለውን ነበር፤ እኛ ደግሞ ተኝተንበታል።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ መብራት ያለው ጋላቢ ቀስ ብሎ ገባ። ከኋላው መብራት የሌለው ሌላ ብስክሌት ተከትሎታል። ልጁ ነው። ባትሪው መንገዱ አጋማሽ ላይ ሲሞት ብስክሌቱን እየገፋ በእግሩ ሄዷል። ያለፈው ሰው ሁሉ ሲፈጥንበት ቆይቶ፣ በመጨረሻ ይህ የማያውቀው ሰው ፍጥነቱን ቀንሶ ብርሃኑን አጋርቶታል። ክርኑ ላይ የቾያ ቁራጭ ተተክሏል።

ያችን የቀጠሮ ቃላችንን ሊመልስልን ይችል ነበር፤ በሰው ፊት ስለሆንን ብድሩ ልክ ይመጣ ነበር። እሱ ግን ከብስክሌቱ ሳይወርድ፣ «ኡስታዝ፣ ደኅና ነዎት? ታመው ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር» አለን።

«ተኝተን ነው፤ አውፍ በለን» አልነው። ሌላ ቃል አልመጣልንም።

«ታዲያ ለምን አልመጣህም? ለምን አልቀሰቀስከንም?» ብለን ብንጠይቀው ቀለል አድርጎ መለሰ። «አሁን ይመጣሉ፣ አሁን ይመጣሉ እያልኩ ቆየሁ። ካምፑ ድረስ ሄጄ ብመለስ ደግሞ ሰዓቱ ይሄዳል። ትንሽ ብርሃን ነበረኝ፤ ወጣሁ።» ሚዶውን አውጥተን እሾሁን ነቀልንለት። ጥርሱን ነክሶ ዝም አለ። ከዚያ ዱላውን በእጃችን አስያዘንና፣ «ይሂዱ እንግዲህ» አለን።

ወጣን። ጎሕ ሲቀድ ከመንገዱ ዳር ብስክሌታችንን አጋድመን ፈጅርን ሰገድን። ስንመለስ ነርሱ በቦታው ነበር፤ ከነርሱም በኋላ ሹፌሩ። ረፋድ ላይ ልጁ ለአራተኛ ጊዜ ሲወጣ፣ ይመለሳል ከተባለበት ሰዓት አንድ ሰዓት ቀድመን በመቀባበያው ድንኳን ቆምን። ሹፌሩ ሻይ ይዞልን መጥቶ፣ «አሁን እንኳ ቢተኙ ይቀሰቅሱዎታል፤ ፀሐይ ነው» ብሎ ሳቀብን። አልተቀመጥንም። ልጁ ቀትር ሊሆን ሲል ደርሶ፣ ቆመን ሲያየን ከሩቁ እጁን አነሣ። ያ ዙር ለቡድናችን 12ኛው ነበር፤ በጠቅላላ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ቡድናችን ከተወዳዳሪዎቹ ስንተኛ እንደወጣ አልጠየቅንም፤ ብንጠይቅም የምናፍርበት ይመስለናል።

ልጁ ዛሬ አንዳንድ ቅዳሜ ወደ ቂርአቱ ይመጣል፤ አንዳንዴ ይቀራል። ሲመጣም ማርፈዱን አልተወም። እኛ ግን የቂርአቱን በር ከሰዓቱ ቀድመን ከፍተን እንቆማለን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።