ሳኩራ በሽሊረን፣ አደይ በእንጦጦ

ሽሊረን ከዙሪክ በባቡር አሥር ደቂቃ ያህል የምትርቅ፣ በሊማት ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ሚያዝያ ሲገባ እዚህ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ መሄድ ይጀምራል። ምክንያቱ የጃፓን ቼሪ ነው። ክረምቱን ባዶውን የቆመው ዛፍ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሮዝ አበባ ይሸፈናል።

ጃፓኖች ይህን አበባ ሳኩራ ይሉታል። እሱን ለማየት መውጣትም የራሱ ስም አለው፤ ሃናሚ ይባላል። «ሃና» አበባ፣ «ሚ» ደግሞ ማየት ማለት ነው። ጥንት የመኳንንት መዝናኛ ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን ግን ሾገኑ ቶኩጋዋ ዮሺሙኔ ዛሬ ቶኪዮ በምትባለው ከተማ፣ አሱካያማ በተባለ ቦታ ብዙ የቼሪ ዛፍ አስተክሎ ለተራው ሕዝብ ከፈተው። ዛሬ ቤተሰብ ሁሉ ምንጣፍ ይዞ ይወጣል፤ ከዛፉ ሥር ተቀምጦ ይበላል፣ ይጫወታል።

እኛም በየዓመቱ እንወጣለን። የምንይዘው ድፎ ዳቦና በፔርሙዝ የተቀዳ ሻይ ነው። ታዲያ መፍጠን ያስፈልጋል። አበባው የሚቆየው ሁለት ሳምንት ገደማ ነው፤ ነፋስና ዝናብ ከመጣ ከዚያም ያንሳል።

ስለዚህ ጃፓኖች ቀኑን በጉጉት ይጠብቃሉ። ቶኪዮ ውስጥ ለዚህ የተመረጠ አንድ ዛፍ አለ። የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች በዛፉ ላይ አምስት ወይም ስድስት አበባ ፈክቶ ሲያዩ ሳኩራ ማበቡን ያስታውቃሉ። በስዊዘርላንድም ተመሳሳይ ልማድ አለ። ጄኔቫ ስትሄዱ በአሮጌው ከተማ ላ ትሬይ ወደሚባለው መናፈሻ ውጡ። እዚያ ያለው ማሮኒዬ የተባለ ዛፍ የመጀመሪያ ቅጠሉን ሲያወጣ፣ የካንቶኑ ምክር ቤት ሹም ቀኑን ይመዘግባል፤ ጸደይ ገባ ይባላል። ይህ ከ1818 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ ልማድ ነው።

እኛስ? እኛም ቀጠሮ አክባሪ አበባ አለን፤ አደይ። ዝናቡ ሲያባራ፣ በመስከረም፣ ሜዳውንና የእንጦጦን ጋራ ቢጫ ያለብሰዋል። ልጃገረዶች «አበባየሆሽ» እያሉ የሚዘፍኑት በእሱ ወቅት ነው። በቤተ ክርስቲያንም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ይባላሉ። ጽጌ በግዕዝ አበባ ማለት ነው።

አሁን ቀኖቹን አስተያዩ። እዚህ የትምህርት ቤት ረጅሙ ዕረፍት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ብዙዎቻችን አገር ቤት የምንሄደው ያኔ ነው። ዝናቡንና ጭቃውን እናያለን፤ አደይ ሳይፈካ ትምህርት ይከፈታል፣ እንመለሳለን። ልጆቼ አራት ጊዜ አዲስ አበባ ሄደዋል፤ አደይን የሚያውቁት ግን በፖስት ካርድ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ፣ «ታዲያ አበባውን ሳያዩ አገሩን አየን ይላሉ?» አለችኝ።

መላ አለው። በዙሪክ ካንቶን ኦክቶበር ላይ የሁለት ሳምንት ዕረፍት አለ። በእኛ አቆጣጠር መስከረም መጨረሻ አካባቢ ነው፤ አደይ ገና አልረገፈም። ዘንድሮ የሐምሌውን ጉዞ ትተን ያኔ ልንሄድ ወስነናል።

እናንተም ከወላጆቻችሁ ጋር ተመካከሩ። እስከዚያው ከሳኩራው ሥር ስትቀመጡ ስለ አደይ ጠይቋቸው፦ ልጅ ሳሉ ከየት ይለቅሙት ነበር? ለማንስ ይሰጡት ነበር?